ሩጫና ብስክሌት ዕድሜው ለገፋ ስፖርተኛ



ሱሉልታ የሯጭ አገር ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሜዳዋም ለጥ ያለ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም ያሠራው እዚሁ ነው። ጧት ጧት ሯጮች ተከታትለው ሲያልፉ ሁላችሁም ታያላችሁ። ታዲያ የምናየው ወጣቶቹን ነው። አርባን ያለፈው ሯጭ የት ገባ? ጉልበቱን አመመውና ቤቱ ተቀመጠ። «ሩጫ የልጅ ነው» ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም።

ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲያገኝ ዕድሜው 36 ነበር። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ነሐስ ጨመረ። ቀነኒሳም በ2016 ዓ.ም. የፓሪስን ኦሊምፒክ ማራቶን በ42 ዓመቱ ሮጦ ጨርሷል። ዕድሜ ብቻውን ሯጭን አያስቀምጥም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ጉዳት ነው።

ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት ባረፈ ቁጥር የክብደቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ ጫና ይቀበላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከአንድ ኩንታል እህል ይበልጣል፤ ያውም በየእርምጃው! የወጣት ጅማት ይህን ችሎ ቶሎ ያገግማል። የአዛውንት ጅማት ግን ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ ልብና ሳንባ ሥራ ይሻሉ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ደግሞ ዕረፍት ይሻሉ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ብስክሌት ነው። አብዛኛውን ክብደት ኮርቻው ይሸከማል፤ ልብ ግን ይመታል፣ ላብም ይወርዳል።

በነገራችን ላይ፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ወደ ሜልቦርን የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ብቻ ነበር። ማሞም ከሯጮቹ አንዱ ነበር። የሁለቱ ስፖርቶች ጉርብትና የቆየ ነው።

በሳምንት አምስት ቀን ይሮጥ የነበረ ሰው ሁለቱን ቀን በብስክሌት ይተካ፤ በተለይ ከከባድ ሩጫ ማግሥት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ ብቻ ይታጠፍ። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ መታገል ጀግንነት አይደለም፤ ቀላሉን ማርሽ ይዞ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ይሻላል። ደረቱን የሚጫነው ሰው ግን ሐኪም ሳያይ አይጀምር።

ሩጫውን ጨርሶ መተውም ጥሩ አይደለም። አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያገኝ ነው፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ይህን አያገኝም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳ እናቶች ይህን ልብ በሉ። መሮጥ ያቃተው ፈጠን ብሎ ይራመድ።

በጎጃሙ መንገድ አይሱዙና የጭነት መኪና እንደሚበዛ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ጨለማው ሳይገፍ አትውጡ። ፍሬኑን ሳይፈትሹ ከእንጦጦ ቁልቁል መውረድማ ዕብደት ነው።

«ብስክሌቱ ከየት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዋጋው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የእሽቅድምድም ብስክሌት አያስፈልግም፤ ተራው ይበቃል። ሦስት አራት ሆኖ አንድ መግዛትና ቀኑን ተከፋፍሎ መንዳትም ይቻላል። ብቻ ተራ ስትቀባበሉ ኮርቻውን ለየቁመታችሁ ማስተካከል አትርሱ።