ነጋሪትና ዳጉ
(በሎጊያ ለተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



በሎጊያ ሙቀት ጥቁር ጋዋን ለብሶ የተቀመጠ ሰው ረጅም ንግግር የመስማት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ስለ ራዕይና ስለ ዓላማ አላወራም፤ ያንን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ይናገሩታል፣ ሳይነገርም ቀርቶ አያውቅም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዜና ሥራ ነው። የማውቀውን ላውራ፤ ከተማ ለነዋሪው ወሬዋን እንዴት እንደምትነግር።

ርዕሱ ትንሽ መስሏችሁ እንደሆነ፣ በመጀመሪያው የሥራ ሳምንታችሁ ምን እንደሚገጥማችሁ ልንገራችሁ። ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ውሃ አገልግሎት ወይም ገቢዎች ትመደባላችሁ። አለቃችሁ ከላይ እስከ ታች ያያችሁና «አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ አይደል? እስቲ ይቺን ማስታወቂያ ጻፊልኝ» ይላል። በዚያች ደቂቃ የመንግሥት አፍ ሆናችሁ ማለት ነው። ማንም አላሠለጠናችሁም፣ ማንም ፈተና አልሰጣችሁም፣ ግን ከተማው በእናንተ ዓረፍተ ነገር ሊሄድና ሊመጣ ነው።

ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት አንብቤያለሁ፦ «ነገ ከጠዋቱ 2:30 አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ በጥብቅ እናሳስባለን።» ማኅተም አለው። ቲተር አለው። ፊርማው ጥሩ ነው። ቀን ብቻ የለውም። ወረቀቱን ፀሐይ አቃጥሎት ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ አንዱን ጥግ ፍየል የቀመሰው ይመስላል። ያ «ነገ» የትኛው ነገ እንደሆነ ዘበኛውን ብጠይቀው «እሱ እንኳ አልፏል» አለኝ። መቼ እንዳለፈ እሱም አያውቅም።

የወረቀቱ ጥፋት የግዴለሽ ጸሐፊ ጥፋት ብቻ አይደለም። የከተሞቻችንን ዜና ሰብስባችሁ አንብቡት፤ ግሡ ሁሉ ያለፈ ነው። ጎበኙ። ተወያዩ። አስመረቁ። አቅጣጫ አስቀመጡ። የተጎበኘው ነገር ለነዋሪው ምን እንደሚያደርግለት፣ ውሃው በየትኛው ቀን ወደየትኛው ሰፈር እንደሚለቀቅ፣ የልጆች ምዝገባ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚዘጋ፣ የክትባት ዘመቻው ቤት ለቤት ይሁን በጣቢያ፣ የጤና መድኅን መዋጮ እስከ መቼ እንደሚከፈል፣ እነዚህ ዜና አይባሉም። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ቢነገረኝ እሄድ የነበረውን ስብሰባ፣ ካለቀ በኋላ ከነፎቶው «የተሳካ ነበር» ተብሎ ይነገረኛል። እኔ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ ያለፈውን መጻፍ ይቀላል። የሚመጣውን የሚጽፍ ሰው ቃል ገብቷልና ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ነው ሎጊያ ከሌላ ከተማ የምትለየው። ሎጊያ የጅቡቲ መንገድ የወለዳት ከተማ ናት። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ የምታፈላው ከደጋ የመጣች እህት፣ ግመሉን ወደ ገበያ የሚነዳው አፋር፣ ሁሉም እዚችው አስፋልት ላይ ይገናኛል። ጎረቤቷ ሰመራ ቢሮ ይዛ በሜዳው ላይ ስትነሳ፣ ሎጊያ ሻይ ቤቷና ጋራዧ ቀድሞ ነበራት። ዛሬ ሁለቱ በአንድ የሰመራ ሎጊያ ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ደገኛና አፋር በአንድ አስፋልት ስለሚገናኝ ሁለት የወሬ ሥርዓቶችም እዚህ ተገናኝተዋል።

አንደኛው የደጋው ነው፤ ነጋሪት። በገበያ መሀል ነጋሪት ይጎሰምና አዋጅ ነጋሪው «ስማ፣ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። ሕዝቡ ይሰማል፣ ይበተናል። አዋጅ ነጋሪውን «ቆይ፣ ይቺ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም መልስ የለውም፣ የተላከበትን ነው የተናገረው። በ1934 የተጀመረው የሕግ ጋዜጣችን ነጋሪት ጋዜጣ መባሉ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ አስፋልቱን የሚያቋርጠው ቅስቀሳም የዚያው ልጅ ነው። ከባድ መኪና ጥሩንባውን ሲለቅበት መሀሉ ይቆረጣል፤ እኛ የምንሰማው «ውድ የከተማችን ነዋሪዎች» የሚለውንና «እናመሰግናለን» የሚለውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአፋሩ ዳጉ ነው። እዚህ በተቀመጡት የአገር ሽማግሌዎች ፊት ስለ ዳጉ መናገሬ ድፍረት ነው፤ ይቅር በሉኝ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ዝም ተባብሎ መተላለፍ ነውር ነው። ሰላምታው ይረዝማል፣ ጥላ ካለ ጥላ ሥር ቁጭ ይባላል። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ውሃው? ከብቱ? የሞተ አለ? የታመመ? እንግዳ ሰው አይተሃል? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ለይቶ ይናገራል። አድማጩ ደግሞ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ እንደገና ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ እሱም ተሸካሚ ነው፤ በሚቀጥለው መንገድ ለሚያገኘው ያደርሳል። የሐሰት ዳጉ ያመጣ ሰው ቃሉ ከዚያ በኋላ ሚዛን አይደፋም፤ በባህላዊ ሕጉም ይጠየቃል።

እኔ ለብዙ ጊዜ ባልደረቦቼን የጋዜጠኝነት ሀሁ ሳስተምር የኖርኩት ይህንኑ ነው። ምንጭህ ማን ነው? ራስህ ነበርክ ወይስ ተነገረህ? ሌላ ማን አረጋገጠልህ? ይህ ሁሉ እዚህ በረሃ ውስጥ ፊደል ሳይቆጠርበት ሲሠራበት የኖረ ነው። በኮሮና ጊዜም የጤና ባለሙያዎች መልእክታቸውን በዳጉ በኩል ወደ አርብቶ አደሩ ለማድረስ ጥረዋል። የሚገርመኝ፣ ከዳጉ አገር ወጥቶ ቢሮ የሚገባው ልጃችን ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ማግሥት ነጋሪት ጎሳሚ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ለነጋሪት ልመስክርለት። አዋጁ ሁሉም ዘንድ በአንድ ቃል ይደርሳል፤ ዳጉ በአፍ ስለሚሄድ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይጎድላል ወይም ያብጣል። አሁን ደግሞ ስልክ መጣ። ስልክ የዳጉ ፍጥነት አለው፣ የዳጉ ምርመራ ግን የለውም። ከአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ የተማርነው ይህንን ነው። በ2017 መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ ወደ 5.8 የተጠጋ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቤት ተሰነጠቀ፣ ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ፣ ዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎት ፈነዳ። እንዲህ ባለ ቀን የሰው ጆሮ ለማንኛውም ወሬ ክፍት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም፤ ሰዓት ቆርጦ የሚነግራችሁ ሰው ምንም ዓይነት ፎቶ ቢለጥፍ ይዋሻል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። እዚያው አካባቢ ያለው የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን የሚፈልገው የህንድን በረራ ወሬ አልነበረም። አመድ የለበሰው ሣር ለፍየሌ ይሆናል ወይስ አይሆንም? አመድ የሸፈነውን ውሃ ላጠጣ ወይስ ላቆይ? ይህንን የሚመልሰው የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን ጎርፉ ነው። ክረምቱ፣ እናንተ ካርማ የምትሉት፣ ደርሷል። የሎጊያና የሚሌ ወንዞች የሚነሱት ከወሎ ደጋ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ በላይ ተነስቶ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ እያቃጠለች፣ ትናንት ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ማታ በር ላይ ሊመጣ ይችላል። በነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ ዱብቲንና አሳይታን ጨምሮ ብዙ ቦታ አጥለቅልቋል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። ውሃው ከደጋ እዚህ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። ወሬው ግን በደቂቃ ይደርሳል፣ የሚልከው ካለ፣ ተቀባዩም የሚያምነው ከሆነ። ከሚሌ በላይ ያለ አንድ ሠራተኛ «ወንዙ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ከፍ ብሏል፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» ብሎ ቢደውል፣ ተቀባዩም ወንዝ ዳር ለሰፈሩት አባወራዎችና ለጎሣ ሽማግሌው ቢያደርስ፣ ከብት ይወጣል፣ ልጅ ይወጣል። በማግሥቱ «ኃላፊዎች የጎርፍ ጉዳቱን ጎበኙ» የሚል ዜና መሥራት እንግዲህ ለማንም አይከብድም።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው፤ ይህን ስል የሥራ ኃላፊዎች ባትቆጡኝ ደስ ይለኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶ፣ ለመልሱ የ30 ቀን ጊዜ አስቀምጧል። የወረዳ በጀት ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ የተጀመረው ሥራም አዲስ አይደለም። ሰሌዳዎቹን አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ መስታወቱ ውስጥ ያለው የዛሬ ሦስት ዓመት በጀት ነው፣ ቁልፉም ጠፍቷል። ሐምሌ 1 አዲስ የበጀት ዓመት ነው። ከእናንተ በፋይናንስ የተመረቀ ሰው ካለ የመጀመሪያ ሥራው ያንን ቁልፍ መፈለግ ይሁን።

ቋንቋውስ? የካቲት 2012 አፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወስኗል። ሎጊያ ውስጥ በአማርኛ ብቻ የተለጠፈ ወረቀት የከተማውን ባለቤት በር ላይ ያስቀረዋል፤ በአፋርኛ ብቻ የተለጠፈም ከወሎ መጥታ እንጀራ የምትሸጠውን እናት ያስቀራታል። ሁለቱንም ጻፉ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በአፍ ንገሩት፣ ጠይቆ እስኪረካም አትነሱ።

ከሰኞ ጀምሮ ወረቀት የምትለጥፉ ልጆቼ፣ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። «ነገ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀኑንና ወሩን ጻፉ። ከስብሰባው በፊት ለጥፉ፣ ካለፈ ንቀሉት። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። ከታች ስማችሁንና የምትነሱትን ስልክ አስቀምጡ፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ አንሱት።