ርጥበትን ለክቶ ማወቅ
ለከተማው ነዋሪዎች፣ ለነጋዴዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለዓይን የማይታይ፣ ነገር ግን በየጎተራው፣ በየመጋዘኑና በየአናጢው ቤት ገብቶ የሚያከስር ነገር ነው። ይኸውም በእህል፣ በቅመም፣ በማርና በጣውላ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ውሃ ነው። ሁላችንም እህል ስንገዛ አንድ እፍኝ አንሥተን እናሻለን፤ አንዲቱንም ፍሬ በጥርሳችን ሰብረን፣ ቀጭ ካለች ደርቋል እንላለን። ይህ የአባቶቻችን ልማድ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከመቶ 13 እጅ ውሃ ያለበትን በቆሎ ከመቶ 16 እጅ ካለበት ለመለየት የጥርስ ፍርድ አይታመንም። የእህሉ ደኅንነት ግን የሚወሰነው በዚህችው በጥቂቷ ልዩነት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት በጎረቤታችን በኬንያ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓመት በማኩዌኒ፣ በኪቱይ፣ በማቻኮስና በቲካ አውራጃዎች ብዙ ሰዎች በድንገት በጉበት ሕመም ተያዙ። እስከ ሐምሌ ወር ድረስ 317 ሕመምተኞች ተመዝግበው ከእነዚሁ ውስጥ 125ቱ ሞቱ። በምርመራ እንደ ተገለጠው ሰዎቹ የበሉት አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያለበትን በቆሎ ነበር፤ ለጥፋቱም ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ በቆሎው ርጥበት እንዳለው በቤት ውስጥ መከማቸቱ ነው። ይህን መርዝ በተለመደው አኳኋን ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ መድኀኒቱ በድስቱ ዘንድ ሳይሆን ቀደም ብሎ በጎተራው በር ላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የበቆሎ ደረጃ ርጥበት ከመቶ 13.5 እጅ እንዳይበልጥ የሚወስነው ይህን የመሰለውን አደጋ ለመከላከል ጭምር ነው።

ከጤናው በቀር የፍትሕም ጉዳይ አለበት። ከመቶ 18 እጅ ውሃ ያለበት አንድ ኩንታል እህል ቢኖር፣ ደረቁ ነገር 82 ኪሎ ብቻ ነው። ይኸው እህል ከመቶ 13 እጅ እስኪደርስ ቢሰጣ ክብደቱ ወደ 94 ኪሎ ከሩብ ይወርዳል። እንግዲህ እርጡቡን በደረቁ ዋጋ የገዛ ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ከሚያልፍ ውሃ ላይ የእህል ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ የሻጩ ነገር ነው። ታግሦ እህሉን ያደረቀ ገበሬ በየኩንታሉ ያን ያህል ክብደት ሲያጣ፣ ሳያደርቅ ከአውድማ ወደ ገበያ የሮጠው ያተርፋል። ርጥበት በማይለካበት ገበያ ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም እንኳ ፍርዱ ጠማማ ነው፤ የሚቀጣውም ጠንቃቃውን ሰው ነው። በኋላም እህሉ በመጋዘን ሲሻግት ለሁሉም ኪሣራ ይሆናል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው።

ታዲያ ርጥበት እንዴት ይለካል? መሠረታዊው መንገድ ሚዛንና ምድጃ ነው። ለምሳሌ 5 ግራም የተፈጨ ስንዴ በጥንቃቄ ይመዘናል፤ ሙቀቱ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያም የአየር ርጥበት በማይደርስበት ክዳን ባለው ዕቃ ቀዝቅዞ እንደ ገና ይመዘናል። 4.35 ግራም ቢሆን የጐደለው 0.65 ግራም ውሃ ነው፤ ይህም ከመቶ 13 እጅ መሆኑ ነው።

ይህ መንገድ የታመነ ቢሆንም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በገበያና በመጋዘን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይሠራበታል። ውሃ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ጠባይ ከደረቅ እህል እጅግ የተለየ በመሆኑ መሣሪያው ልዩነቱን ወደ ቁጥር ለውጦ ወዲያው ይናገራል። ነገር ግን ለስንዴ የተስተካከለው ለበቆሎ አይሆንም፤ ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ እህልም ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ከምድጃው ውጤት ጋር መመሳከር ይገባዋል።

ምድጃውም ቢሆን ለሁሉ ነገር አይስማማም። ኮረሪማንና ሌላውን ሽቱ ያለው ቅመም ብናሞቅ ከውሃው ጋር ዘይቱም ስለሚተን የጐደለው ሁሉ ውሃ መስሎ ይቆጠራል። ለእንደዚህ ያለው ካርል ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1935 ዓመት ውሃን ብቻ ለይቶ የሚለካ የአዮዲን ዘዴ አሳትሟል። ለማር ደግሞ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ የሚታጠፍበትን መጠን የሚያሳይ ትንሽ መነጽር ይበቃል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የማር ውሃ በጠቅላላው ከመቶ 20 እጅ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ውሃ የበዛበት ማር በቀላሉ ይፈላልና።

ጣውላን የሚገዙ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ደግሞ አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። በእህል ዘንድ ውሃው የሚካፈለው ለጠቅላላው ክብደት ሲሆን፣ በእንጨት ዘንድ ግን ለደረቁ ክብደት ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ሳንቃ ደርቆ 10 ኪሎ ቢቀር፣ በእንጨት ሠሪው ሒሳብ ርጥበቱ ከመቶ 20 እጅ ነው፤ በእህል ነጋዴው ሒሳብ ግን 17 እንኳ አይሞላም። በውል ላይ የሒሳቡ ዐይነት ካልተጻፈ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ይጣላሉ። በቅጡ ሳይደርቅ የተሠራ በርም በኋላ ሲደርቅ ተኮማትሮና ተጣሞ አልገጥም ይላል።

መሣሪያ የሌለው ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና በሚገባ የደረቀ ጨው ጨምሮ፣ ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ ይነቅንቀው፤ ከዚያም ያሳርፈው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ርጥበቱ ከመቶ 15 እጅ ገደማ ይበልጣልና ተመልሶ ይሰጣ። ካልተጣበቀም ከ15 በታች መሆኑን እንጂ ለበቆሎ ከተወሰነው 13.5 መድረሱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ማስጣቱን ጥቂት መጨመር ይበጃል። የደረቀ እህል ከርጥብ አየርና ከመሬት ውሃ መልሶ ስለሚጠጣ፣ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ለአስተዳደር ባልደረቦቼና ለነጋዴዎቻችን የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ናሙና ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙው፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ይወሰድ። ሁለተኛ፣ የእህል ሚዛን እንደሚመረመር ሁሉ የርጥበት መለኪያውም ይመርመር። ሦስተኛ፣ በደረሰኝ ላይ ከኪሎው አጠገብ የርጥበቱ ቁጥር ይጻፍ፤ ሻጩም ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ይህ ሲሆን እህሉን ያደረቀ ገበሬ የድካሙን ዋጋ ያገኛል፤ የሚበላውም ሕዝብ ከመርዝ ይጠበቃል።