የመንግሥት ሥራና የሠራተኛው እርካታ

(በናይሮቢ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን መምህራን የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ሰው በመንግሥት ሥራ ገብቶ ዕድሜውን በእርካታ ሊፈጽም የሚችለው በምን መንገድ እንደ ሆነ የሚመረምር ነው። ይህን ነገር በመምህራን ፊት ማንሣት የተገባ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የምናየው ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥና ዲሬክተር ሁሉ ትናንት ደብተሩን ይዞ በእናንተ ፊት ተቀምጦ የነበረ ልጅ ነውና። ወንበሩን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ኅሊና ግን አስቀድመው የሚቀርጹት ቤተ ሰብና ትምህርት ቤት ናቸው።

ከአባቶቻችን የወረስነው አንድ ተረት አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ይላል። ተረቱ በዘመኑ ያለ ምክንያት አልተነገረም። በቀድሞው ሥርዐት ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚኖረው ከተሾመበት አገር በሚያገኘው ግብር ነበረ። አንድ መኰንን በአንድ አገር ሲሾም «ያን አገር በላ» መባሉም ስለዚሁ ነው። ደመወዝና ጡረታ በሕግ ከተወሰኑ በኋላ የተረቱ ምክንያት ጠፋ፤ ተረቱ ግን ከአንደበታችን አልጠፋም። ዛሬም አንድ ወጣት ሥራ ማግኘቱን ሲነግረን «ከደመወዙ ሌላ ምን ያስገኛል?» ብለን ስንጠይቀው፣ ሹመትን እንደ ማዕድ የሚቈጥረውን አሮጌ ትምህርት እያስተማርነው ነው።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። በዚህች በናይሮቢ ከተማ «ኪቱ ኪዶጎ» የሚባል ቃል አለ፤ ትርጓሜው «ትንሽ ነገር» ማለት ነው። እኛ ጉቦ የምንለውን እነርሱ በዚህ ዐይነት አሳንሰው ይጠሩታል፤ አንዳንድ ጊዜም «ቻይ»፣ ማለት ሻይ ይሉታል። ስሙ ቢያንስም ነገሩ አያንስም። ሆኖም ይህችው ከተማ የመንግሥት ሠራተኛን የሚያጠፋው ምን እንደ ሆነና የሚያቀናውም ምን እንደ ሆነ የምትመሰክር ስለ ሆነች፣ ከእርስዋ ታሪክ ጥቂት ምሳሌዎች ላቅርብ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኬንያ ነጻነቷን ያገኘችው ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1961 በሎወር ካቤቴ የኬንያ የአስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ፣ እንግሊዞች የሚለቁትን ሥራ የሚረከቡ ኬንያውያንን ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ተቋም በ2012 በአዲስ ሕግና በአዲስ ስም ተደራጅቶ እስከ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞችን ያስተምራል። ከነጻነት በኋላ ከባዱን ኃላፊነት ከተሸከሙት ሰዎች ብዙዎቹ የወጡት በኪኩዩ ከሚገኘው ከአሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ የትምህርት ቤቱም መሪ ቃል «ለማገልገል የበረታ» የሚል ነው።

ያን ትምህርት ቤት ከ1940 እስከ 1962 የመሩት ኬሪ ፍራንሲስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ መምህር ነበሩ። እኒህ ሰው ሚኒስትሮችን ያስተማሩበትን ወንበር ከለቀቁ በኋላ፣ በናይሮቢ በፑምዋኒ ሠፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆነው ገቡ፤ በ1966 እስኪሞቱም ድረስ የድኾችን ልጆች አስተማሩ። እንግዲህ ተረታችንን በዚህ ሰው ታሪክ አጠገብ አስቀምጡት። ማዕርጉ ቢሄድም ሥራው አብሮት የሚቀር ሰው፣ ሲሻር የሚቈጨው ነገር ምንድን ነው?

በመንግሥቱ ቤት ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1970 የመንግሥት ሠራተኛውን አቋምና ደመወዝ የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ቀድሞ የሲቪል ሰርቪሱ የበላይ ኃላፊ፣ በኋላም የማዕከላዊ ባንክ ገዥ የሆኑት ደንከን ንዴግዋ ነበሩ። ኮሚሲዮኑ በ1971 ባቀረበው ሪፖርት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ንግድና ሀብት ቢኖረው አይከለከልም አለ። አሳቡ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ትልልቁ ንግድ በአብዛኛው በአፍሪካውያን እጅ ስላልነበረ፣ ከተማሩት ጥቂቶች በቀር ማን ይገባበታል የሚያሰኝ ነበረ። ችግሩ ግን «እስካልተጋጨ ድረስ» የሚለውን ድንበር እንዲጠብቅ የታመነው ያው ባለጥቅሙ መሆኑ ነው። ፈቃድ ሰጪው ሹምና ፈቃድ ጠያቂው ነጋዴ አንድ ሰው ሲሆኑ ባለጉዳዩ ወዴት አቤት ይላል? ሠራተኛውም ቢሆን ልቡ በሱቁ፣ ሰውነቱ በመሥሪያ ቤቱ ተከፍሎ፣ የሁለቱንም ደስታ ሳያገኝ ይኖራል። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ77ኛው አንቀጽ የሙሉ ጊዜ ከፍተኛ ባለሥልጣኖች ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዳይዙ ከለከለ። ይህን ለመወሰን 39 ዓመት ፈጀ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ምሳሌ ላንሣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ሙንያኬይ የሚባል ወጣት በኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ዝቅተኛ ጸሐፊ ነበረ። በእጁ የሚያልፉት ወረቀቶች ጎልደንበርግ ለተባለ ኩባንያ ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ ልኳል እየተባለ እጅግ ብዙ ገንዘብ መከፈሉን የሚያሳዩ ነበሩ፤ ኬንያ ግን ይህን ያህል ወርቅና አልማዝ አልነበራትም። ሙንያኬይ ማስረጃውን ለፓርላማ አባሎች አደረሰ፤ ነገሩም በ1993 በአደባባይ ተገለጸ። እርሱ ታሰረ፤ ክሱ ቢቀርለትም ከሥራው ተባረረ። በ2004 ስለ ሐቀኝነቱ ሽልማት ተሰጠው፤ በ2006 ግን በችግር እንዳለ ዐረፈ።

«ታዲያ እርካታው የታለ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ስለ ሆነ በጣፋጭ ቃል ልሸፍነው አልፈልግም። ለሐቀኛ ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም ዋጋው ይከፈለዋል ብለን ለልጆች ብንነግራቸው እንዋሻቸዋለን። ሆኖም ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ሠራተኛ ታላቅ የሚሆነው በማዕርጉ ከፍታ አለመሆኑን ነው፤ ከእርሱ በላይ የነበሩ ሹማምንት ዝም ሲሉ የአገሩን ገንዘብ የጠበቀው አንድ ጸሐፊ ነበረ። ሁለተኛ፣ ሐቀኛውን ሰው ብቻውን መተው የአገር ኀጢአት መሆኑን ነው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በ236ኛው አንቀጽ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን በሕግ መሠረት በመሥራቱ እንዳይጐዳና ያለ ተገቢ ሥርዐት እንዳይሰናበት ደነገገ። ለሙንያኬይ ዘግይቶበታል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ግን መጠጊያ ሆኖ ተጽፏል።

ለቅሶውን ብቻ አሰምቼ እንዳልቀመጥ አንድ የተስፋ ነገር ልጨምር። በ2013 በናይሮቢ ዋናው ፖስታ ቤት «ሁዱማ ሴንተር» የሚባል ቤት ተከፈተ፤ ሁዱማ በስዋሂሊ አገልግሎት ማለት ነው። ቀድሞ ባለጉዳዩ የመታወቂያ ወረቀትና የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዞር የሚውልበትን፣ በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰቡለት፤ ቤቶቹም ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፉ። ይህ ሁሉን አዳነ ባይባልም የደጅ ጥናትን መንገድ አሳጥሯል። በዚሁ ቋንቋ ዜጋ «ምዋናንቺ» ይባላል፤ ቃል በቃል «የአገር ልጅ» ማለት ነው። በመስኮቱ በኩል የቆመውን ሰው የአገሬ ልጅ ነው ብሎ የሚያይ ሠራተኛ «ነገ ተመለስ» ለማለት አንደበቱ አይፈታለትም።

እንግዲህ ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ ነገ ለመንግሥት ሥራ ለሚታጩት ልጆች ሦስት ነገር እንድታስተምሩልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ሥራውን ጠንቅቆ ማወቅ ነው፤ ሕጉንና መዝገቡን የማያውቅ ሠራተኛ በሌላው ፈቃድ ይመራል፤ የሚያውቅ ግን «ይህ አይፈቀድም» ለማለት መሠረት አለው። ሁለተኛ፣ የራስን ኪስ ከመንግሥት ሣጥን፣ ዘመድን ከወረፋ መለየት ነው፤ ይህንንም በክፍል ውስጥ ማርክ ስትሰጡ የሹሙን ልጅና የገበሬውን ልጅ በአንድ ሚዛን በመመዘን ታሳዩአቸዋላችሁ። ሦስተኛ፣ ተተኪን ማዘጋጀት ነው፤ ዕውቀቱን በመሳቢያ ቈልፎ የሚኖር ሰው ጡረታ ሲወጣ ሥራው አብሮት ይቀበራል፤ ለታናናሾቹ ያካፈለ ግን ከወጣም በኋላ መሥሪያ ቤቱ በእርሱ ትምህርት ይሠራል።

በየዘመኑ ያለው ትውልድ ተረቱን የመለወጥ መብት አለው። አባቶቻችን ሲሾሙ ያልበሉ ሰዎች ይቈጫቸዋል ብለዋል፤ እኛ ደግሞ ልጆቻችንን «ሲሾም ያልሠራ ሲሻር ይቈጨዋል» ብለን እናስተምራቸው።