ውርጭና ቧንቧ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሳይታያችሁ አይቀርም። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ረግቶ ቱቦ ይሰነጥቃል ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ሞስኮ ወይም ወደ ስቶክሆልም እንጂ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ አይደለም። ነገሩ ግን ከደጃችን ነው።

ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በከተሞቹ ቱቦ መሰንጠቁ ዘወትር የሚያጋጥም ባይሆንም፣ ወደ ጮቄ በተጠጉት መንደሮች ውሃ የሚረጋበት ሌሊት አለ።

ከውጭ የመጡ የሙያ መጻሕፍት ቧንቧን ከዊንተር መጠበቅ ይገባል ይላሉ፤ እኛም ቃሉን «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። በእኛ ክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ፣ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጠፈር የሚለቀው በበጋ፣ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው። ቀን ፀሐይ ሲያግለው የዋለ ቱቦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአካባቢው አየር እንኳ ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት ከሞጣ በላይ ባለ አንድ የደጋ መንደር የምንጭ ውሃ መስመር እንድቆጣጠር ተልኬ ነበር። በአንድ ረባዳ ስፍራ አለት ስለ ገጠመን 40 ሜትር የሚሆን የብረት ቱቦ ሳይቀበር እንዲያልፍ ፈቀድሁ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው፣ «ልጄ፣ እዚህ ባቄላ አንዘራም፤ አመዳይ ይተኛበታል» አሉኝ። የመጣሁት ለቱቦ እንጂ ለባቄላ አይደለም ብዬ በልቤ፣ ምስጋና ሰጥቼ አለፍሁ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ቱቦው በሁለት ስፍራ ተሰንጥቆ ተገኘ። መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ ሴቶቹ ለ3 ሳምንት እንስራቸውን አዝለው እንደ ቀድሞው ወደ ወንዝ ወረዱ። ሽማግሌው አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም።

ምክንያቱ ግልጥ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ውሃም ሲረጋ ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ቱቦውን የሚያፈነዳው በበረዶው ድፍንና በተዘጋው ቧንቧ መካከል ታፍኖ የቀረው ውሃ ግፊት ነው። ስለሆነም ስንጥቁ ከረጋው ስፍራ ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንደኛ፣ ቱቦውን መቅበር ነው። በደጋችን የሌሊቱ ቁር ወደ መሬት ብዙ አይዘልቅምና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከውርጭም፣ ከፀሐይም፣ ከማረሻም ያድናል። አለት ቢገጥም አፈር ቆልሎ ዙሪያውን በድንጋይ መካብ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በግቢ ውስጥ ከመሬት የሚወጣውን ቱቦ፣ ከታንከር የሚወርደውንና ቆጣሪውን በደረቅ ጭድ ጠቅልሎ በላስቲክ መሸፈን ነው፤ እርጥብ ጭድ ግን ከብርድ አይከላከልም። ሦስተኛ፣ ከመዝጊያው ቫልቭ በላይ ከቱቦው ሥር ማፍሰሻ አበጅቶ፣ ብርድ በሚጸናበት ማታ ቫልቩን ዘግቶ ቱቦውን ባዶ ማድረግ ነው። በሌሎች አገሮች ቧንቧውን በጥቂቱ እያንጠባጠቡ ያሳድሩታል፤ ውሃ በወረፋ በሚገኝበት ስፍራ ግን ይህን አልመክርም። ቱቦው ረግቶ ቢገኝ አስቀድሞ ቧንቧውን መክፈት፣ ከዚያም ከቧንቧው በኩል ጀምሮ ወደ ረጋው ስፍራ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሱ መሄድ ይገባል። እሳት ማስጠጋት ፈጽሞ ክልክል ነው።

የመጨረሻ ቃሌ ለወጣት ባልደረቦቼ ነው። በጥናት ደብተራችሁ ውስጥ ከከፍታውና ከግፊቱ ስሌት አጠገብ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ይኸውም «አመዳይ የሚተኛው የት ነው?» የሚል ነው። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ከገበሬው ጋር መስመሩን በእግራችሁ ሂዱና መልሱን ጻፉ።