ያለ ክራር ወደ አንኮበር
(ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



በአንኮበር ልናቀርበው ያሰብነው ዝግጅት ክራርም ማሲንቆም የለበትም። ስድስት ተማሪዎች የሕዝብ ዜማዎችን አያይዘን በድምፃችን ብቻ እንዘፍናለን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምንቆመው ግን ዜማውን ከእኛ ይልቅ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነውና፣ ድፍረት እንዳይሆንብን እንሠጋለን።

በመጀመሪያው ልምምድ ዜማዎቹን ደስ እንዳለን ቆራርጠን ቀጣጠልናቸው። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስንሻገር ግማሾቻችን አዲሱን ቅኝት ያዝን፤ ግማሾቻችን በቀድሞው ቀረን። የሚመልሰን ክራር የለምና ስሕተታችን መደበቂያ አጣ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቅኝቱ ይወስን አልን። ትዝታ ማይነርና አምባሰል አምስቱን ድምፆች ሊጋሩ ይችላሉ፤ የሚለያቸው መነሻውና ማረፊያው ነው። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ መካከል ያለ መሣሪያ መሻገር ይቻላል። አንቺሆዬ ግን ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ለብቻው ይጀመራል።

የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከዚህ አንቀላቅልም፤ የራሱ ሥርዓት አለውና። ነገር ግን ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በሚዜመው ቁም ዜማ ያደጉ ጓደኞቻችን መደማመጥን አስተምረውናል።

አሁን የጎደሉን ሁለት የሴት ድምፆች ናቸው፤ የምትችሉ እኅቶች ኑ። ከመድረኩ በፊት ለአንኮበር አዛውንቶች እናሰማለን። ቁረጡ ያሉንን እንቆርጣለን፤ መልሱ ያሉንንም እንመልሳለን።