የውስጥ እግር ቁስልና የሆድ እብጠት





ዛሬ የምናገርለት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሆኖም መለየቱ በሐኪሙ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ታማሚዋ በምትናገረው አንድ ቃልም ስለሚወሰን ለእናንተ መንገር የተገባ ሆኖ አገኘሁት።

ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ይነሣል። ፀሐይ የሚያመጣው የነጮች ሕመም ነው የሚሉ አሉ፤ በጥቁር ሕዝብ ላይ ግን በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር ነው፤ በመዳፍና ከጥፍር ሥርም ይታያል። ሕዝባችን «ማርያም የሳመችው» የሚለው ጥቁር ምልክት አብዛኛው ጉዳት የለውም። የሚያሰጋው አዲስ የወጣ፣ መልኩንና መጠኑን የሚለውጥ፣ የሚደማ ወይም አልድን ያለ ነው። እሾህ ወግቶኝ ነው እየተባለ ስንት ወር ያልፋል!

ይህ ካንሰር ወደ እንቁልጢ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ወደሚፈጠርበት አካል፣ ሊዛመት ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ የሚሆነው የእግሩ ቁስል ተቆርጦ ከተረሳ ከዓመታት በኋላ ነው። ሴቲቱ ሆዷ ተነፍቶ ወይም ከእንብርቷ በታች አሟት ትሄዳለች። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን እብጠቱን ያሳያሉ፤ መነሻውን ግን በእርግጠኝነት አይለዩም። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቁር ቀለም ከተገኘበት ነገሩ ይቀላል፤ ቀለም ከሌለው ግን የእንቁልጢው የራሱ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ያን ጊዜ ኤስ-100፣ ኤችኤምቢ-45ና ሜላን-ኤ የሚባሉ ልዩ ምርመራዎች ያስፈልጋሉ። የሁለቱ ካንሰሮች መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ ስሕተቱ ከባድ ነው።

ልዩ ምርመራው እንዲታዘዝ ግን አስቀድሞ ጥርጣሬ መኖር አለበት፤ ጥርጣሬውም የሚመጣው ስለ እግሯ ሲሰማ ነው። ስለ ሆዷ የመጣች እናት ከ8 ዓመት በፊት ከእግሯ የተቆረጠ ነገር ትዝ አይላትም፤ ለንስሐ አባቷ ግን ነግራው ይሆናል። አባቶች ሆይ፣ ምስጢሯን አውጡ ማለቴ አይደለም፤ «ልጄ፣ ይህን ለሐኪሙ ንገሪው» በሏት። ጠበሉን ተጠምቃ ትሂድ፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ከሰውነት የተቆረጠ አጠራጣሪ ነገር ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ፤ የውጤቱም ወረቀት ከክርስትና ምስክር ወረቀት ጋር በአንድነት ይቀመጥ። ልዩ ምርመራው በየቦታው አይገኝምና ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ የሚላክበትን ወጪና የታማሚዋን መሳፈሪያ የሰበካችሁ የምግባረ ሠናይ ክፍል ከወዲሁ በበጀቱ እንዲይዝ አደራ እላለሁ።