የቤት ውስጥ ውዝፍ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ እንቅልፍ እንደሚመጣ እናውቃለን። ዛሬ ከሪፖርቱ አንድ መስመር ብቻ እናነሣለን፤ በጥር ወር ቁጠባችን ለምን ቀነሰ የሚለውን። ደጋፊዎቻችን ጠይቀውናል፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ከ38 አባላት 11ዱ በዚያ ወር ሳምንታዊ ቁጠባቸውን አልከፈሉም። አልታመሙም፣ ሥራቸውም አልከሰረም። የቤት ሠራተኞቻቸውን ውዝፍ ደመወዝ ከፍለው ነው።

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጠባ ስንሰበስብ አንዲት እኅታችን ብሩን እየቆጠረች፣ «የልጅቷን ለገና አደርስላታለሁ፤ እናንተ ግን መቀጮ ትጥሉብኛላችሁ» አለችን። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ደብተሩን ስንዘጋ ግን ንግግሯ ከጆሯችን አልወጣ አለ። እውነቷን ነው። ማኅበሩ መቀጮ አለው፣ ዕቁቡ ዳኛ አለው፣ የቤት ኪራይ አከራይ አለው። ልጅቷ ምንም የላትም። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚገፋው የእርሷ ነው።

በሒሳብ ትምህርት መጀመሪያ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ሠራተኛ የሠራችበት ወር ካለቀ በኋላ ደመወዟ ካልተከፈለ ገንዘቡ የአሠሪዋ ሀብት አይሆንም። በዕዳ በኩል «ተከፋይ ደመወዝ» ተብሎ ይጻፋል። ኪሳችን ውስጥ ቢሆንም የሌላ ሰው ነው። እንግዲህ በዚያ ሒሳብ ብናየው፣ በየቅዳሜው በኩራት ከምናስቆጥረው ቁጠባ ከፊሉ የእኛ አልነበረም። የእኛ ስም በተጻፈበት ደብተር ውስጥ የተቀመጠው የልጅቷ ገንዘብ ነበር።

በሰው ቤት ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን ቤት ቆጠርን። ደብተሩን የምንይዘው እኛው ቤት የሁለት ወር ውዝፍ ተገኘ። በየቀኑ የሰው ሳንቲም የምናስታርቅ ሰዎች ይህን አላየነውም ነበር። ለሠራተኛችን የሁለት ወሯን አንድ ላይ ስንሰጣት ሁለት ጊዜ ቆጠረችውና፣ «ልታሰናብቱኝ ነው?» አለችን። ሙሉ ደመወዝ በእጇ የምታገኘው ከሥራ ስትወጣ ብቻ መስሏታል። ከእኛ በፊት በነበረችበት ቤት እንደዚያ ነበር፤ እኛም ሌላ ነገር አላሳየናትም።

«እኔ ጋ ይቀመጥላት፣ ያባክነዋል» የሚል ክርክር አለ። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። መታወቂያ የሌላት ከገጠር የመጣች ልጅ ባንክ ሄዳ ደብተር ማውጣት አትችልም፤ በዘመድ ነኝ ባይ የምትታለልም አለች። ነገር ግን ተቀመጠላት የምንለውን ገንዘብ ዛሬ አምጡ ብንባል ስንቶቻችን ሳንበደር እናመጣዋለን? ካላመጣነው አላስቀመጥነውም፤ ተጠቅመንበታል።

ከሁሉ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። በየቅዳሴው ለቤይሩትና ለሪያድ እኅቶቻችን እንጸልያለን። ከመካከላችን ልጇ ወይም እኅቷ እዚያ ሰው ቤት የምትሠራ ብዙ ናት። «ማዳሟ የአምስት ወር ደመወዟን ከለከለቻት» ሲባል እናለቅሳለን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የምንገባው ግን ውዝፍ ወዳለበት ቤት ነው።

እምነታችን በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። ኦሪት ዘዳግም የድኻውን ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጥ ይላል። ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው የሠራተኛን ደመወዝ መንፈግ ታላቅ ኃጢአት መሆኑን አስተምረዋል። እኛ ይህን ሁሉ ስንሰማ በልባችን የምናስበው ስለ ፋብሪካ ባለቤቶች ነበር። ቅድስት ዚታንም እናስብ። በጣልያን አገር በሉካ ከተማ በ12 ዓመቷ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ በ1272 እ.ኤ.አ. እስክትሞት እዚያው ቤት ስታገለግል ኖረች። ቤተ ክርስቲያን በ1696 እ.ኤ.አ. ቅድስት ብላታለች። አሠሪዎቿ ሀብታሞች ነበሩ፤ ስማቸው ዛሬ የሚነሣው ግን በሠራተኛቸው ምክንያት ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። በጥር መጀመሪያ በብድር ማመልከቻ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ «በቤትሽ ደመወዝ የምትከፈል ሠራተኛ ካለች፣ እስከ የትኛው ወር ተከፍሏታል?» ጭቅጭቁን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። «ጓዳችን ድረስ ልትገቡ ነው?» ተባልን። አንዲት እኅታችን ማኅበሩን ለቃ ሄደች፤ እስካሁን አልተመለሰችም፤ ወንበሯን ስናይ ይከፋናል። መስመሩ እንዲቆይ ከሁሉ በላይ የተሟገቱት ግን በልጅነታቸው ሰው ቤት ያደጉት አባሎቻችን ናቸው። አንዷ ብድግ ብላ፣ «እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼ በአንድ ቀሚስና በመሳፈሪያ ነው የወጣሁት» ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ታሪክ ከእርሷ ጋር አሥር ዓመት ቁጭ ብለን አናውቀውም ነበር።

ስለ እሑድም ተነሥቷል። እኛ ቅዳሴ ስንሄድ ወጥ የምትጠብቀው ማን ናት? ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊምም አሉ። ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን እናምጣቸው ማለታችን አይደለም። የዕረፍት ቀኗ የራሷ ይሁን፤ ወደ ፈለገችበት ትሂድበት ማለታችን ነው። በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም። ሕፃን ያላቸውና ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች እውነተኛ ችግር አለባቸው፤ ተራ ገብተን ልጅ እንጠባበቅ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፣ አልተሞከረም።

ለደጋፊዎቻችን፦ ቁጠባችን በመጋቢት ወደ ቦታው ተመልሷል። ከዚያ ወር ጀምሮ 4 የቤት ሠራተኞች በራሳቸው ስም ይቆጥባሉ። ደብተሩ የሚቀመጠው በእነርሱ እጅ ነው፤ አሠሪያቸው ልትፈርምላቸው አትችልም። ብድር የማግኘት መብታቸው ከአባላት እኩል ይሁን አይሁን ዛሬ ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። ረቂቁ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንበብ የማትችሉ እኅቶች ወደ እኛ ኑ፤ እናነብላችኋለን።